ለእርሾ ስብ መጨነቅ ቅንጦት ነው?

ዕድሜ ልካቸውን የእርሾን ስብ የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች አሉ ሲባል «ሥራ ፈቶች!» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ስንት መድኃኒት ያጣ በሽታ እያለ፣ ጠላ ስለሚያፈላ ነገር ስብ ማን ይጨነቃል? ዛሬ ግን ለእነዚህ ሰዎች ልሟገት ነው የመጣሁት።

ከምናውቀው ልጀምር። ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ የሄደች ሴት ደም ትሰጣለች። ከምርመራዎቹ አንዱ ቪዲአርኤል ይባላል፤ የቂጥኝ ነው። የምርመራው ዋና ንጥረ ነገር ምን ይመስላችኋል? ስብ ነው። ካርዲዮሊፒን ይባላል። ሜሪ ፓንግቦርን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1940ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) ከበሬ ልብ ለይታ ያወጣችው ነው። ቂጥኝ የያዘው ሰው ደም ውስጥ ይህን ስብ የሚይዝ አንቲቦዲ ይኖራል። ሁለቱ ሲገናኙ ፈሳሹ ይቋጥራል።

እሺ፣ ስቡ ልብ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? እዚህ ላይ ብዙ የነገረን እርሾ ነው።

የካርዲዮሊፒን ቤቱ ማይቶኮንድሪያ ነው። ትምህርት ቤት «የሴል የኃይል ማመንጫ» ብለን ሸምድደነዋል። እንደ ባቄላ ፍሬ ሥለን፣ ውስጡ አንድ የተጠማዘዘ መስመር አስገብተን፣ ማርካችንን ወስደናል። ያ መስመር ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ማይቶኮንድሪያ ሁለት ሽፋን አለው፤ የውስጠኛው እየታጠፈ ወደ ውስጥ ይገባል። ኃይል የሚመረተው እጥፋቶቹ ላይ ነው። እጥፋት ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምም። ኤቲፒን (ሴሉ የሚጠቀምበትን ኃይል የሚሸከም ሞለኪውል) የሚያመርቱት ማሽኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ጠርዙ ላይ ይሰለፉና ሽፋኑን ያጎብጡታል። እጥፋቱ ከግድግዳው የሚነሳበትን አንገት ማይኮስ የሚባል የፕሮቲን ቡድን ጨብጦ ይይዛል። ይህን ቡድን በ2011 ሦስት የተለያዩ ተመራማሪ ቡድኖች እርሾ ውስጥ አገኙት። ዋና ዋና ፕሮቲኖቹን ስታወጡ እጥፋቶቹ ከግድግዳው ይላቀቃሉ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ መሶብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ ነው የሚመስለው። ንብርብር ብቻ።

ሽፋኑ የተሠራበት ስብም ቢሆን፣ ካርዲዮሊፒንን ጨምሮ፣ ሁሉ ነገሩ እዚያው አይሠራም። አብዛኛው ጥሬ ዕቃ የሚመጣው ጎረቤት ካለ ሌላ የሴል ክፍል ነው። ስብ ውሃ ውስጥ እንደልቡ አይሄድም፤ ድልድይና ተሸካሚ ይፈልጋል። እርሾ ላይ ድልድዩ ኤርሜስ ይባላል፤ የታወቀው በ2009 ነው። ከውጭኛው ሽፋን ወደ ውስጠኛው ደግሞ አፕስ-1 የሚባል ፕሮቲን ከባልደረባው ጋር ሆኖ የካርዲዮሊፒንን ጥሬ ዕቃ ያሻግራል። መርካቶ ጆንያ የሚያመላልስ ኩሊ በሉት።

ግን ለምን እርሾ? የሰው ልብ ያለ ማይቶኮንድሪያ ኃይል አይቆይም። እርሾ ግን ስኳር ካገኘ ያለ ኦክስጅን አብላልቶ ይኖራል። ጋን ውስጥ ተከድኖ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ማይቶኮንድሪያውን ሰብራችሁበት እንኳ ይኖርላችኋል፤ የተሰበረውን ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። ቦሪስ ኤፍሩሲ ፈረንሳይ ውስጥ በ1940ዎቹ መጨረሻ ያጠናቸው እንዲህ ያሉትን ነበር። ግሉኮስ ያለበት ሰሃን ላይ ድንክ ድንክ ሆነው ስለሚያድጉ «ፔቲት» ተባሉ፤ ትንንሾቹ እንደ ማለት። ግሊሰሮል ብቻ ወዳለበት ሰሃን ስታዛውሯቸው ጭራሽ አይበቅሉም። እርሾ ግሊሰሮልን ወደ ኃይል የሚለውጠው በኦክስጅን ነዋ።

እኔን የሚገርመኝ ሌላኛው ሙከራ ነው። ካርዲዮሊፒን የሚሠራውን ጂን አጥፉበት። እርሾው ይጎዳል፣ ግን አለ። ፎስፋቲዲልኤታኖላሚን የሚባለውን ሌላ ስብ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ የሚሠራውን ጂን ለብቻው አጥፉበት። አሁንም አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ስታጠፉ ያልቃል። ለካ አንዱ የሌላውን ጎዶሎ እየሸፈነ ነበር! ይህን በሰው ልጅ ላይ ማን ይሞክራል?

ወደ ሰው ስንመጣ፣ ፒተር ባርት የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም በ1983 አንድ የቤተሰብ በሽታ ጽፎ ነበር። ወንዶች ልጆች ልባቸው ይደክማል፣ ጡንቻቸው ይዝላል፣ ነጭ የደም ሴላቸው ያንሳል። በ1996 ጂኑ ታወቀ፤ ታፋዚን ይባላል። ሥራው የካርዲዮሊፒንን ጭራዎች፣ ማለትም ከስቡ የሚንጠለጠሉትን ረጃጅም ሰንሰለቶች፣ ማስተካከል ነው። እርሾም የራሱ ታፋዚን አለው። የእርሾውን አጥፍተው በምትኩ የሰውን ሲያስገቡ ጉድለቱ ይስተካከላል። ስለዚህ የአንድ ልጅ ጂን ላይ የታየው ለውጥ ጎጂ መሆን አለመሆኑን እርሾ ላይ መፈተን ይቻላል። በመስከረም 2025 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚህ በሽታ ኤላሚፕሬታይድ የሚባል መድኃኒት በተፋጠነ አሠራር ፈቀደ። የሚጣበቀው ካርዲዮሊፒን ላይ ነው።

መድኃኒቱ ከእርሾ ወጣ እያልኩ አይደለም፤ አልወጣም። እርሾ ሰው ነውም አልልም። ኤርሜስ እኛ ጋ የለም። የልባችን ካርዲዮሊፒን ለጭራው የሚወደውን ሊኖሌይክ አሲድም የዳቦ እርሾ መሥራት አይችልም። ግን መድኃኒቱ የሚጣበቅበት ነገር ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ፣ ጠቀመ ጎዳ ማለት ከባድ ነው።

እኛስ? ደረቅ እርሾ በየሱቁ አለ። ግሊሰሮል ማለት ደግሞ በበጋ ቆዳችን ሲደርቅ የምንቀባው ግሊሰሪን ነው። የባዮሎጂ መምህር ብሆን ያን ባቄላ ዳግም አላስሥልም ነበር። ሁለት ሰሃን አስቀምጬ፣ አንዱን በግሉኮስ አንዱን በግሊሰሮል፣ ሁለቱም ላይ ፔቲት እርሾ ዘርቼ፣ «ይሄኛው እዚህ በቅሎ እዚያ ለምን እምቢ አለ?» ብዬ ክፍሉን ጥዬ እወጣ ነበር።