ይድረስ ለክቡር ቪ8፣ ባሉበት

(ማለትም እግረኛ መንገድ ላይ)

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ጭስዎ ሳይጓደልብን አለን።

ከሁሉ አስቀድሜ ላመሰግንዎ ይገባል። አንድ አለቃ ከቦሌ ካዛንቺስ ለስብሰባ ለማድረስ ከሁለት ቶን ተኩል በላይ ብረት ይዞ መነሳት ቀላል መስዋዕትነት አይደለም። ስምንት ሲሊንደር የተሰጠዎት የአፋርን አሸዋና የሰሜንን ገደል እንዲደፍሩበት ነበር። ዛሬ የሚወጡት ትልቁ ዳገት የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ነው። እሱንም ቢሆን ያለ ማርሽ ይወጡታል፣ አይካድም።

ወዳጆችዎ «የዘንድሮ ሞተር እኮ ቆጣቢ ነው» እያሉ ይሟገቱልዎታል። ልክ ናቸው። ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር በኮምፒውተር ይታዘዛል፣ አየር የሚያጭቀው ተርቦ ያግዛል፣ አንድ ሊትር ነዳጅ ድሮ ከሚሠራው በላይ ይሠራል። ታዲያ የተረፈው የት ገባ? ደመወዝ በተጨመረለት ቁጥር ድግሱን እንደሚያሰፋ ሰው፣ እርስዎም ለወርድና ለቁመት አዋሉት። ዊሊያም ስታንሊ ጄቮንስ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1865 የእንፋሎት ሞተር ቆጣቢ በሆነ መጠን አገሩ የምታነደው የድንጋይ ከሰል መብዛቱን ጽፎ ነበር። እርስዎን ሳያይ ሞተ፤ ነፍሱን ይማር።

ስለ ዘመዶችዎ ደግሞ እንኳን ደስ አለዎት! እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ግማሽ ያህሉ እንደ እርስዎ ከፍ ከፍ ያሉት፣ ኤስዩቪ (SUV) የሚባሉት ናቸው። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው ቤተሰቡ በሙሉ አንድ አገር ቢሆን ኖሮ በካርቦን ልቀት አምስተኛ ይወጣ ነበር። የቀረዎት ባንዲራ ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲባል «በቃ፣ ተገላገልን» ብለን ነበር። እርስዎ እንደሆነ ቀድመው ገብተዋል፣ ምን ገዶዎት! መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውኃ ስለሚመነጭ፣ የኤሌክትሪክ መኪናው ነገር እውነትም የሚያስደስት ነው። ግን የመጡት የወንድምዎ ልጆች ባለ ሰባት ወንበር፣ ከሁለት ቶን በላይ! ገላው ሲከብድ ባትሪ ይጨመርለታል፣ ባትሪው ሲጨመር ገላው ይከብዳል። አሜሪካ ያለው ኤሌክትሪክ ሀመርማ ከአራት ቶን ያልፋል፤ ባትሪው ብቻ አንድ ኮሮላ ያህላል። ጭስ የለውም። አስፋልቱ ላይ የሚያራግፈውን የጎማ ብናኝ ግን ማን ይጥረገው?

አንድ ምክር ልጨምር፦ ፓሪስ ለሽርሽር እንዳይሄዱ። ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2024 ድምፅ ሰጥተው፣ ከ1.6 ቶን በላይ የሚመዝን ባለነዳጅ እንግዳ መሀል ከተማ ለአንድ ሰዓት ማቆሚያ 18 ዩሮ እንዲከፍል ወስነዋል። እዚሁ ይሻልዎታል። እዚህ ሚዛን የሚያወጣዎ የለም፤ እንዲያውም ጥበቃው ተነስቶ ሰላምታ ይሰጥዎታል።

አክባሪዎ፣
በእርስዎ ምክንያት አስፋልት ላይ የሚሄደው እግረኛ