በዓል ከማክበር የገላገለን ካሜራ

ዘንድሮ እንቁጣጣሽን እህቴ ዘንድ፣ ደብረ ማርቆስ ነው የዋልኩት። ዋልኩ ስል ግን ቤቷ አይደለም። ፎቶ ቤት ነው የዋልነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገብተን ስምንት ሰዓት ላይ ወጣን። ዶሮ ወጡ ቤት ውስጥ ብቻውን ዓመት በዓሉን አከበረ።

እያማረርኩ እንዳይመስላችሁ። ላመሰግን ነው የተነሳሁት። የድሮ ሰው ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ስንት ጣጣ ነበረበት! ቄጤማ መጎዝጎዝ፣ ጎረቤት መጥራት፣ የተኳረፈ ማስታረቅ፣ ቡናውን እስከ በረካ መጠበቅ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ እግር እስኪደነዝዝ ቆሞ አሜን ማለት። አሁን ይሄ ሁሉ በአንድ ፓኬጅ ተጠቃሏል። ትከፍላለህ፣ ትለብሳለህ፣ ትነሳለህ፣ ትለጥፋለህ። አለቀ። እንኳን አደረሰህ።

የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመት ተኩሏ ነው። ሚጡ እንበላት። ትከሻው የተገለጠ ቢጫ ቀሚስ አልብሰዋታል፤ አደይ አበባ ትምሰል ተብሎ ይመስለኛል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። መስከረም 1 ደግሞ ክረምቱ ገና ጓዙን ጠቅልሎ አልጨረሰም። ልጅቷ በብርድ ከንፈሯ ጠቆረ። ፎቶ አንሺው አየና «ችግር የለም፣ ከንፈሯን ኤዲት ላይ አስተካክለዋለሁ» አለ። ብርዱንም ኤዲት አድርግልን ልለው ነበር። ከፓኬጁ ውጭ ነው እንዳይለኝ ፈርቼ ተውኩት።

ከዚያ ሳቁ መጣ። ማለቴ አልመጣም። «ሳቂ! ጥርስሽን አሳዪ! እንደሱ አይደለም፣ እንደ ትናንቱ ሳቂ!» ትላታለች እናቷ። ሚጡ ትናንት እንዴት እንደሳቀች አታስታውስም፤ ትናንት የሳቀችው ድመቷ ወተት ውስጥ ስለወደቀች ነው። አባቷ ቁልፍ አንቃጨለ። ረዳቱ አረፋ ነፋ። እኔ ከካሜራው ኋላ ቆሜ እንደ በግ እንድጮህ ተመደብኩ። ዕድሜዬ 42 ነው፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው አቶ ይለኛል፣ በአዲስ ዓመት ማለዳ እንደ በግ ጮህኩ። ልጅቷ አየችኝና በእውነት አለቀሰች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ከመሐላችን በትክክል የገባት እሷ ብቻ ናት።

በነገራችን ላይ ሚጡ እጇ ላይ አንድ ወረቀት ነበራት። ጠዋት የጎረቤት ልጅ ራሱ ስሎ፣ በከለር ቀብቶ ያመጣላት መልአክ ነው። አንዱ ክንፉ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ ዓይኖቹ ግንባሩ ላይ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸው። አልለቅም አለች። ፎቶ አንሺው ግን ቀለሙ ከቀሚሷ ጋር አይሄድም አለ፤ ተቀማች። በምትኩ የፕላስቲክ አደይ አበባ ተሰጣት። መስከረም 1! ውጭ፣ ከከተማው ወጣ ስትል፣ ሜዳው በሙሉ በእውነተኛው አደይ ቢጫ ሆኖ፣ ያውም በነፃ!

ፎቶ ቤቱ እኮ አገር ነው። ሣሩ ከቻይና የመጣ ነው፤ አይጠወልግም፣ እጅ አይቆርጥም። ድሮ በእኛ በምሥራቅ ጎጃም ልጃገረዶች አዲሱ ዓመት ሲቃረብ ሜዳ ወርደው፣ እየዘፈኑ እንግጫ የሚባለውን ሣር ይነቅሉ ነበር። አሁንም የሚነቅሉ አሉ፣ ምስኪኖች፣ ጭቃ ረግጠው። ከተማ ያለችው እህታቸው ግን ጫማዋ ሳይነካ ፕላስቲኩ ላይ ተቀምጣ ተመሳሳይ ፎቶ ታገኛለች። እንዲያውም የሷ ይበልጣል። ብርሃኑ ከሁለት ወገን ነው የሚመጣው።

በስተግራ በኩል «የገጠር ሕይወት» የሚሉት ጥግ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሆዴ ውስጥ የቀረው እሱ ነው።

የእህቴ ባል አረንጓዴ ቁምጣ ተከራየ። ጋቢ ደረበ፣ ዱላውን በሁለት ትከሻው ላይ አጋድሞ እጆቹን ሰቀለበት። አማረበት፣ አልክድም። አባቱ እነማይ ውስጥ እስካሁን የሚያርሱ ሰው ናቸው። ለምርቃቱ ሲመጡ «አባ፣ እባክህ ቁምጣውን ተወውና ሱሪ ልበስ፣ ሰው አለ» ብሎ ገበያ ወስዶ ሱሪ የገዛላቸው እሱ ነው። አሁን ያችኑ ቁምጣ በሰዓት እየከፈለ ይለብሳታል። ይሄ ነው እድገት። አባት ያለ ኪራይ ሲለብሰው ያሳፍር የነበረ ልብስ፣ ልጅ ሲከራየው ባህል ሆነ።

ከጀርባው ሞፈርና ቀንበር ቆሟል። እኔ ከእርሻ ከራቅሁ ቆየሁ፣ ቢሆንም ነገሩ አላማረኝም። ቀንበሩ ተገልብጧል። ማረሻው አጠገብ መሆን የነበረበት ድግር ደግሞ ቀንበሩ ላይ በሽቦ ታስሯል። ያኔ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ወረፋ የያዙ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አስተውለው፣ አስተውለው «ልጄ፣ በዚህ እንኳን በሬ፣ ድመትም አይጠመድ» አሉኝ።

እሳቸውም አረንጓዴ ቁምጣ ነው የለበሱት። የሳቸው በፀሐይ ነጣ ብሏል፣ ጉልበቱ ጋ ተጥፏል። ነገሩን ቀረብ ብለው ለማየት ሁለት እርምጃ ሲራመዱ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገና፣ በፍጹም ትህትና «አባት፣ ትንሽ ከፍሬሙ ወጣ ይበሉልኝ፣ የገጠሩን ሲን ያበላሹብኛል» አላቸው።

ወጡ። በኋላ የሳቸው ተራ ደረሰ። ነጭ መጋረጃ ፊት ተቀመጡ፣ ሳቁ የሚላቸው የለም፣ እንደ በግ የሚጮህላቸውም የለም። ቀጭ። «አለቀ?» አሉ። «አለቀ።» ከፍለው ወጡ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እኛ ያን ሰዓት ሦስተኛ ልብስ ላይ ነበርን።

ብቸና አጠገብ እናቴ ቤት ግድግዳው ላይ የእሷና የአባቴ ፎቶ አለ። ከጀርባቸው ጢስ ዓባይ ይወርዳል፤ ጨርቅ ላይ የተሳለ ነው። ሁለቱም ፍርድ ሊሰሙ የቆሙ ይመስላሉ። ያኔ አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነበር የሚይዘው። ፎቶ አንሺው አንዷን ሲያነሳ ከገዛ ኪሱ ብር እንደሚያወጣ ይሰስታል። እንዳትነቃነቁ ይላል፣ ቀጭ ያደርጋል፣ ታጥቦ እስኪመጣ ትጠብቃለህ። ጨፍነህ ከሆነ ጨፍነህ ትኖራለህ። እኛ ግን ተመስገን፣ በአንድ ጠዋት ሚጡን 412 ጊዜ አነሳናት። ካሜራው ላይ ቁጥሩን አይቻለሁ። ከ412ቱ አንዱን መምረጥ ደግሞ ሌላ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ባልና ሚስት እስኪኳረፉ ድረስ።

ጢስ ዓባይን ካነሳሁ አይቀር፣ እውነተኛው 45 ሜትር ገደማ ነው የሚወረወረው፤ ግን ውሃው ለመብራት ኃይል ስለሚጠለፍ በበጋ ሄደህ ብታየው ድንጋዩ ይበዛል። የተሳለው ግን ሐምሌም ጥርም ያው ነው። ሙሉ። ስለዚህ ጨርቁን የመረጠ ሰው አይፈረድበትም።

ገና ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ታኅሣሥ ላይ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ውርጭ አጥንት ይሰብራል፤ ያውም ያለ ክፍያ። እኛ ግን ፎቶ ቤት ገብተን፣ በጥጥ የተሠራ በረዶ ላይ ልጅ አስቀምጠን፣ ቀይ ኮፍያ ደፍተንለት እንከፍላለን። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የነበረው ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ዱላ ይዘው እሩር ሲያሯሩጡ ነው። ዛሬ ጌታው ቢቆጣ ይቆጣ፣ ሎሌውም ጌታውም የገና አባት ፂም ለጥፈው ሶፋ ላይ ናቸው።

ጥምቀትማ ምን ልበላችሁ። በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዘገበው። የማይዳሰስ የተባለውን እኛ በስልክ ስክሪን ዳሰስነው። ታቦት ሲያልፍ ሰዉ ጀርባውን ይሰጠዋል፤ ንቀት እንዳይመስላችሁ፣ ሰልፊ ውስጥ ታቦቱ ከኋላ እንዲገባ ነው። ባለፈው አንድ ጎረምሳ ሎሚ ሲወረውር አየሁ። ደስ አለኝ፣ ወጉ አልጠፋም አልኩ። ልጅቷ ሎሚውን አንስታ መለሰችለትና «ድጋሚ ወርውር፣ ስሎው ሞሽን አላደረግኩትም» አለችው። ሰባት ጊዜ ተወረወረ። በመጨረሻ ሎሚው ፈረጠ። ትዳሩ ይሠመር አይሠመር እንጃ፣ ቪዲዮው ግን ብዙ ላይክ እንደሚያገኝ አልጠራጠርም።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውንም ማሻሻል ሳይኖርብን አይቀርም። አሁን ቀሚሱ የኪራይ ነው። ቢበጣጠስ መቀጫ አለው።

ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች የሚያስብበት፣ ሜዳው በሰኮና የሚናወጥበት ቀን። እኛ ከተማ ለከተማ የምንኖረው ምን እናደርጋለን? የሁለት ዓመት ልጅ ከማያውቀው ፈረስ ላይ እንሰቅላለን፣ ልጁ ጣራ እስኪቀደድ ይጮኻል፣ «ጀግናው!» ብለን እንለጥፋለን። ፈረሱ ፎቶው ላይ ዓይኑን ሲያዞር በደንብ ይታያል። እሱም ገብቶታል።

ባሕር ዳር ላይ በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ለመሻገሪያ ነበር የተሠራው። በዓል ቀን ግን የሚሻገር ሰው አላየሁም፤ ሁሉም ግማሹ ላይ ደርሶ ይቆማል፣ ልጁን ያቆማል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ፣ መኪና ጥሩምባ እስኪነፋበት።

ወደ እንቁጣጣሽ ልመለስ። ከፎቶ ቤት ወጥተን ቤት እንደደረስን የሰፈሩ ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ ሊሉ መጡ። ስድስት ናቸው፤ ትንሿ የምትጨፍረው እንቅልፍ እየጣላት ነው። ሦስት ቤት ብቻ እንደቀራቸው ነገሩን። ዘፈኑ፣ አጨበጨቡ፣ አበባ ሰጡን፣ እኔ ብር ላወጣ እጄን ኪሴ ከተትኩ። እህቴ «ቆይ፣ ቆይ!» አለች። «አልተቀዳም። እስቲ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ፤ አንቺ ረጅሟ ወደ ኋላ።» ልጆቹ ተያዩ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ትንሿ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ለሁለተኛው ዙር ጉልበት አልነበራትም።

ፎቶው ለመስቀል ደረሰ። በትልቅ ፍሬም፣ መስታወት ያለው። ሚጡ ትስቃለች፤ ጥርሷ እንደ ወተት ነጭ፣ ከንፈሯ ቀይ፣ ጉንጯ ላይ ያለችው ጠባሳ የለችም። ተጨንቄ ለፎቶ አንሺው ደወልኩለት። «ሳቋ ከሌላ ፎቶ ነው፣» አለኝ በኩራት፣ «ቀሚሷ ያማረበት ላይ እያለቀሰች ስለነበር፣ ከሌላው ጭንቅላቷን አምጥቼ ገጠምኩላት።» ባለሙያ ነው፣ ስፌቱ አይታወቅም።

መስከረም 17 ብቸና ወረድን። እናቴ ፍሬሙን ተቀብላ ወደ ደጅ ብርሃን ይዛው ወጣች። መነጽር አደረገች። ሚጡን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ እንደገና ሚጡን አየች። ልጅቷን ወደ ራሷ ሳበችና አገጯን ቀና አድርጋ አንገቷን በአውራ ጣቷ ዳበሰች።

«ፊቷስ የሷ ነው፣» አለች። «አንገቷን ግን ምን አደረጋችኋት?»

ሁላችንም ሳቅን። እህቴ ስልኳን እያስተካከለች «እማዬ» አለች፣ «እስቲ እንደገና በይው። አልተቀዳም ነበር።»