በመጋቢት የሚለቅና በሰኔ የሚለቅ

የአሜሪካ ኮሌጆች የቤዝቦል ውድድር በየካቲት የመጀመሪያው ሳምንት ገደማ ይጀመርና መደበኛው ዙር ግንቦት ላይ ያበቃል። በእነዚህ 14 ያህል ሳምንታት አንድ የዲቪዚዮን አንድ (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ቡድን እስከ 56 ጨዋታ ያደርጋል። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር፣ ማክሰኞ ደግሞ ከሌላ ጋር ይገጥማል። የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤንሲኤኤ በውድድር ወቅት ተጫዋቹ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይያዝ ደንብ አውጥቷል። ሆኖም በዚሁ ደንብ አንድ የጨዋታ ቀን የፈለገውን ያህል ቢረዝም የሚቆጠረው 3 ሰዓት ብቻ ነው፤ የአውቶቡስ ጉዞ ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም። ስለዚህ በወረቀት 20 ሰዓት የሆነው ሳምንት ልጁን ከመኝታ ቤቱ አራት ቀን ሊያርቀው ይችላል።

መጋቢት ላይ ድካሙ ይጠራቀማል። ክርኑ የሚያመው ይኖራል፣ ከተቀያሪ ወንበር ያልተነሳ ይኖራል፣ የኬሚስትሪ ፈተና ያመለጠውም ይኖራል። ከነዚህ አንዱ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩን አንስቶ «ኮች፣ በቃኝ፣ ቡድኑን ለቅቄያለሁ» ብሎ ይልካል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እዚህ ያመለጠው ቃል ደግሞ በጽሑፍ የተቀመጠ ማስረጃ ነው።

በመልቀቁ ላይ ክርክር የለኝም። ልጁ ኳስ ሰልችቶት ትምህርቱን ቢመርጥ መብቱ ነው፣ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። ክርክሬ ከደንቡ ጋር ነው፤ ይኸው ደንብ መጋቢት ላይ የሚለቀውንና ሰኔ ላይ የሚለቀውን ልጅ የሚያስተናግድበት ሚዛን የተለያየ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተሰጠበት ዓመት ውስጥ ስፖርታዊ ስኮላርሺፕ ሊቀነስ ወይም ሊሰረዝ የሚችለው በጥቂት ምክንያቶች ብቻ ነው። ተጫዋቹ በራሱ ጥፋት የመወዳደር ብቁነቱን ካጣ፣ በማመልከቻው ላይ ካጭበረበረ፣ ወይም ከባድ የሥነ ምግባር ጥፋት ከፈጸመ ይሰረዝበታል። ሌላው ምክንያት «በራሱ አነሳሽነት፣ በግል ምክንያት ከስፖርቱ መውጣት» ሲሆን፣ ኮሌጁ በዚህ ምክንያት በማንኛውም ጊዜ፣ በሴሚስተር መሀልም ቢሆን፣ ገንዘቡን እንዲያነሳ ተፈቅዶለታል። በአንጻሩ አንድ ተጫዋች «ወደ ሌላ ኮሌጅ መዛወር እፈልጋለሁ» ብሎ በጽሑፍ ቢያሳውቅ፣ ኮሌጁ ስኮላርሺፑን ማቋረጥ የሚችለው ያ ሴሚስተር ሲያልቅ ነው። የማስታወቂያው ቅጽ የሚገባበት ትራንስፈር ፖርታል ግን ለቤዝቦል በቅርብ ዓመታት የሚከፈተው ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ለ30 ቀናት ነው። በመጋቢት በሩ ዝግ ነው። ውጤቱን አስቡት፦ ሊፎካከረን ወደሚችል ቡድን ልሄድ ነው የሚለው የሴሚስተሩ ገንዘብ ሲጠበቅለት፣ ደከመኝ የሚለው በማግስቱ ሊያጣው ይችላል።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ስኮላርሺፑ የተሰጠው ለመጫወት ነው፣ ካልተጫወተ ለምን ይከፈለዋል የሚል። ክርክሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ያሳምናል። ነገር ግን ደንቡ ራሱ በመሀል የተነሳን ገንዘብ በዚያው ሴሚስተር ለሌላ ተጫዋች መስጠት ይከለክላል። አሠልጣኙ በተነሳው ገንዘብ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) አይገዛበትም። ቡድኑ ምንም አያተርፍም፤ ቤተሰቡ ብቻ ይከስራል።

ኪሳራው ስንት ነው? እንደ ልጁ ድርሻ ነው። እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ አንድ የዲቪዚዮን አንድ ቤዝቦል ቡድን የነበረው 11.7 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ሲሆን ይህም እየተሸራረፈ ይታደል ነበር። ለ27 ልጆች ቢከፋፈል ለአንዱ ከግማሽ በታች ይደርሰዋል። የፌዴራል ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን በጁን 6 ቀን 2025 ያጸደቁት፣ ተጫዋቾች በኤንሲኤኤ ላይ ያቀረቡትን ክስ የቋጨው ስምምነት ይህን ጣሪያ አንስቶ በምትኩ ስምምነቱን በተቀበሉ ኮሌጆች የቡድኑን አባላት ቁጥር በ34 ገደበ። ለስሌት ያህል፣ የዓመቱ ወጪ 50,000 ዶላር በሆነበት ኮሌጅ 40 በመቶ የሚሸፈንለት ልጅ በሴሚስተር 10,000 ዶላር ያገኛል። ከዚህ ምን ያህሉ እንደሚነሳ የሚወስነው ኮሌጁ ነው። ብዙ ጊዜ ሴሚስተሩን እንዲጨርስ ይተዉለታል፤ ግን ይህ ችሮታ እንጂ መብት አይደለም። ያለ ስኮላርሺፕ የሚጫወተው ዎክ-ኦን፣ እንዲሁም ስፖርታዊ ስኮላርሺፕ በማይሰጡት በዲቪዚዮን ሦስትና በአይቪ ሊግ ኮሌጆች ያለ ልጅ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው።

ወላጆች ማወቅ ያለባቸው አንድ ትልቅ ነጥብ አለ። ገንዘቡ ከመነሳቱ ጋር ተያይዞ የኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ለተማሪው በጽሑፍ ማሳወቅና ይግባኝ የመሰማት ዕድል መስጠት ግዴታው ነው። ይግባኙን የሚሰማውም ከስፖርት ክፍሉ ውጭ ያለ አካል ነው። ደብዳቤው የማመልከቻ ቀነ ገደብ ይዞ ይመጣል፤ የሚመጣውም ልጁ ብቻ በሚያየው የኮሌጅ ኢሜይል ነው። ልጁ አፍሮ ደብዳቤውን ከቤት ሲደብቅ ቀኑ ያልፋል። በይግባኙ ላይ የሚነሳው ዋና ጥያቄ አንድ ነው፦ በርግጥ በራሱ አነሳሽነት ነው የወጣው? አሠልጣኙ «ሎከርህን አስረክብ» ብሎት ከሆነ ያ መባረር ነው፤ በችሎታ ማነስ ወይም በጉዳት ምክንያት የተባረረን ልጅ ስኮላርሺፕ በመሀል ማንሳት አይቻልም። «በፈቃዴ ወጥቻለሁ» የሚለው ቅጽ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ያን ቅጽ በቀረበበት ቀን መፈረም አያስፈልግም።

ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚጠፋው ዓመቱ ነው። በቆየው ደንብ አንድ ተጫዋች አምስት የትምህርት ዓመት ውስጥ አራት የውድድር ዓመት አለው፤ ሰዓቱ ቡድን ቢለቅም መቁጠሩን አያቆምም። በአሜሪካ ፉትቦል እስከ አራት ጨዋታ ተሰልፎ ዓመቱን ማትረፍ ይቻላል። በቤዝቦል እንዲህ ያለ ምሕረት የለም። የካቲት ላይ አንዲት ኳስ የወረወረ ልጅ ዓመቱን ተጠቅሟል። በዚያው ጸደይ ወደ ሌላ የዲቪዚዮን አንድ ኮሌጅ ቢሄድም አይሰለፍም፤ በቤዝቦል ከመጀመሪያው ሴሚስተር በኋላ የገባ ተዛዋሪ እስከሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ይጠብቃል።

ጉዳት ያለበት ልጅ ግን ሌላ በር አለው፤ ሰዎች በጣም የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የተጎዳው በውድድሩ የመጀመሪያ አጋማሽ ከሆነ፣ የተሰለፈበትም ከጨዋታዎቹ 30 በመቶ ካላለፈ፣ ማለትም ከ56ቱ ከ17 ካልበለጠ፣ ዓመቱ እንዲመለስለት ኮሌጁ ሊጉን መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው የሚቆመው በጉዳቱ ጊዜ በተጻፈ የሕክምና ማስረጃ ነው። ክርኑን እያመመው፣ ሐኪም ሳያየው «ሰልችቶኛል» ብሎ የወጣ ፒቸር ይህን በር በገዛ እጁ ይዘጋል። የክርን ጅማት ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው ከሆነ ደግሞ ፒቸር ወደ ሜዳ ለመመለስ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስድበታል። ከኦገስት 2024 ጀምሮ የዲቪዚዮን አንድ ኮሌጆች በስፖርቱ ለደረሰ ጉዳት ተጫዋቹ ካቆመ በኋላም ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሕክምና ሽፋን የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት የመሰናበቻ ምርመራ አድርጎ ሕመሙን ማስመዝገብ አለበት፤ ያልተመዘገበ ሕመም ኋላ ላይ የማን እንደሆነ ማስረዳት ፈተና ነው።

ሦስተኛው አደጋ ከቡድን መውጣትን ከትምህርት መውጣት ጋር ማምታታት ነው። ከቡድን የወጣ ልጅ ክፍል መግባት ያቆማል፤ ጓደኞቹን ላለማየት ሲል። ለመዛወር ሲያስብ ግን የሚጠየቀው ውጤቱን ነው። ባለፈው ሴሚስተር ቢያንስ 6 ክሬዲት፣ በመደበኛው የትምህርት ዓመት 18 ክሬዲት ማለፍ አለበት። በሦስተኛ ዓመቱ መጀመሪያ የዲግሪውን 40 በመቶ መጨረስ ይጠበቅበታል። ቤዝቦል በዚህ ላይ የራሱ ጥብቅ ደንብ አለው፤ መስከረም ላይ በትምህርቱ ብቁ ያልሆነ ልጅ ጸደይ ላይ አስተካክሎ መግባት አይችልም። ኮሌጁን ጭራሽ ከለቀቀ ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ ዕርዳታ ሒሳብ ይመጣል። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ የወጣ ተማሪ ዕርዳታውን ያገኘው በቆየበት ቀን ልክ ብቻ እንደሆነ ተቆጥሮ ቀሪው ይመለሳል። በ15 ሳምንት ሴሚስተር ይህ መስመር ዘጠነኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ጥር ላይ ለተጀመረ ትምህርት በትክክል መጋቢት ላይ ይውላል። አንድ ሳምንት መታገሥ ብቻውን ብዙ ሺህ ዶላር ሊያድን ይችላል።

አሠልጣኙም ቢሆን ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደለም። የእሑዱ ፒቸር ሲወጣ የማክሰኞው ወደ እሑድ ይመጣል፣ ማክሰኞን ደግሞ ሦስት አራት ተተኪ ፒቸሮች ይካፈሉታል፤ ሚያዝያ ላይ የእነሱም ትከሻ ይዝላል። ሌላው ጫና የቡድኑ የትምህርት ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ባለ ስኮላርሺፕ ተጫዋች በየሴሚስተሩ ሁለት ነጥብ ያስገኛል፤ አንዱ በትምህርቱ ብቁ ሆኖ ስለቆየ፣ አንዱ ኮሌጁን ስላልለቀቀ። ከ1,000 የሚታሰበው የአራት ዓመቱ ስሌት ከ930 በታች ከወረደ ቡድኑ ከፍጻሜው ውድድር ሊታገድ ይችላል። እንግዲህ ከቡድን ወጥቶ ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ሁለቱንም ነጥብ ያስገኛል፤ ተናዶ ሻንጣውን ይዞ የሄደው ሁለቱንም ያሳጣል። ልጁ ሴሚስተሩን እንዲጨርስ የሚያግባባ አሠልጣኝ ከደግነቱ በተጨማሪ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነው።

ቤዝቦል በእኛ ቤት ብዙም የሚታወቅ ጨዋታ ላይሆን ይችላል። ያው የስኮላርሺፕ ደንብ ግን በዲቪዚዮን አንድ ስኮላርሺፕ የሚሮጠውን ልጅም ይገዛዋል። ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ የመጣ ሯጭ ከሆነ መዘዙ ይበረታል። 12 ክሬዲት መያዝ የቪዛው ግዴታ ነው፤ የኮሌጁን የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ አስቀድሞ ሳያስፈቅድ ከዚያ ከወረደ ሕጋዊ ሁኔታው ይበላሻል። አስፈቅዶ ትምህርቱን ቢያቋርጥ እንኳ ከአገር ለመውጣት የሚሰጠው 15 ቀን ነው። ስለዚህ እሱ ከአሠልጣኙ በፊት ማነጋገር ያለበት ያን ኃላፊ ነው።

ኤንሲኤኤ ማድረግ ያለበት ለተዛዋሪው የሰጠውን ጥበቃ ለሚያቆመውም መስጠት ነው፤ ገንዘቡ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ አይነካ። እስከዚያው ኮሌጆች በራሳቸው ሥልጣን የአሥር ቀን የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጡ ይችላሉ፤ በእነዚያ ቀናት «ለቅቄያለሁ» የሚል መልዕክት እንደ ውሳኔ አይቆጠርም። የሚከለክላቸው ደንብ የለም።

ልጁም እስከዚያው የሚጽፈውን ቃል ይምረጥ። «ለቅቄያለሁ» በማለት ፈንታ «ጤናዬንና ትምህርቴን ለማስተካከል ለአንድ ሳምንት ከልምምድና ከጨዋታ ፈቃድ እጠይቃለሁ» ብሎ በኮሌጁ ኢሜይል ይላክ፤ ለአሠልጣኙ ብቻ ሳይሆን ለቡድኑ የሕክምና ባለሙያ፣ ለትምህርት አማካሪውና ኮምፕላያንስ ለሚባለው የደንብ ቢሮም በግልባጭ። በዚያ ሳምንት ከገንዘብ ድጋፍ ቢሮው ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ ዛሬ ብወጣ ስንት ይነሳብኛል፣ ግንቦት ላይ ብወጣስ፣ የይግባኙ ቀነ ገደብ ስንት ቀን ነው? ከስሙና ከምስሉ ገቢ ጋር የተያያዘ ውል ፈርሞ ከሆነ፣ ሲወጣ ገንዘብ መልስ የሚል አንቀጽ እንዳለው ያንብብ። መውጣቱ ከተወሰነም የኳስ መምቻ ዱላውን፣ መለያውንና ኮሌጁ የሰጠውን ላፕቶፕ ሲያስረክብ የእያንዳንዱን ደረሰኝ ይቀበል፤ ያልተመለሰ ዕቃ በስሙ ዕዳ ሆኖ ተመዝግቦ የመስከረሙን ምዝገባ ሊያግድበት ይችላል።