ሦስት ጉልቻ፣ ሦስት ታክሲ

ከሜክሲኮ ጀሞ በአንድ ታክሲ ይኬድ ነበር ብዬ ስነግረው ልጄ ተረት የማወራለት ይመስለዋል። ትናንት ማታ ረዳቱ «ሳር ቤት ብቻ!» ሲል ገባሁ። እዚያ ወርጄ ለጀርመን አደባባይ ተሰለፍኩ፤ ከዚያ ደግሞ ለጀሞ። ይባስ ብሎ፣ ሳር ቤት ያወረደኝ መኪና ራሱ ዞሮ መጥቶ «ጀርመን! ጀርመን!» ይላል። አንዱን መንገድ ሦስት ቦታ ቆርጦ ሦስት ጊዜ አስከፈለኝ።

ሰልፍ ለማሰላሰል ይመቻል። ለምን ሦስት? የሮማው ዩሊየስ ቄሳር እንኳ ስለ ጎል ምድር፣ ስለ ዛሬዋ ፈረንሳይና አካባቢዋ፣ ሲጽፍ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አገሩን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። እሱስ ሊያስገብራት ነው፤ የረዳታችንም ሐሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በእኛ ቤትማ ሦስት የማይገባበት የለም። የያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ነው። ነነዌ ሦስት ቀን ይጾማል፤ ለሞተም ሠልስት ይወጣለታል። ትዳርም ሦስት ጉልቻ ነው። የጉልቻው ምክንያት እንኳ ይገባኛል፦ መሬቱ የቱንም ያህል ጎርባጣ ቢሆን ሦስት ድንጋይ ድስቱን አያንገዳግደውም። አራተኛ ከተጨመረ ግን አንዱ ሥራ ፈቶ መቆሙ አይቀርም። ያላመነ ሰፈራችን ቡና ቤት ገብቶ ከባለአራት እግሩ ጠረጴዛ ሥር የተወሸቀውን ካርቶን ጎንበስ ብሎ ይመልከት።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት ሰው ሁሉ ሹም በተሻረ ቁጥር ያነሣዋል። እኔ የምወደው ለጉልቻ ስለሚፈርድለት ነው። ወጡን ያበላሸው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ድንጋዩን ተዉት።

ማበላሸት ካነሣን የሕንፃችን ኮሚቴ ሰብሳቢ አሉ። «ሦስት ነጥብ ብቻ ነው ያለኝ» ብለው ይነሣሉ፤ የመጀመሪያው ነጥብ ሀ፣ ለ እና ሐ አለው። ሐ ላይ ሲደርሱ ይመሻል። ሦስተኛው ነጥባቸው እንደ በረካ ነው፤ ቡናው ያው የአቦሉ ቡና፣ አዲሱ ውሃው ብቻ። በረካስ ምርቃት አለው! ለሮቶ መግዣ በሦስት ዙር አዋጣን። ሦስት ዙር! የተገዛው አንድ ሮቶ ነው፤ እሱም ከቆመበት ቀን ጀምሮ ያንጠባጥባል። ሒሳቡን ስጠይቅ «በሦስተኛው ነጥብ እመጣበታለሁ» አሉኝ። ይኸው ዓመቱ፣ አልመጡበትም።

ምን እያልኩ ነበር? ታክሲው። መንገዱን ሦስት የሚያደርገው ሰው ለሦስት የተሠራውን ወንበር ደግሞ አራት ያደርገዋል። «ጠጋ በሉ፣ እየተሳሰብን!» ይላል፤ በአንድ ጎኔ ብቻ ተቀምጬ ጀሞ አንድ ደረስኩ።

«መጨረሻ ነው፣ ውረዱ!»

«እኔ እኮ ጀሞ ሦስት ነኝ።»

«ጋሼ፣ እሱ ሌላ ታክሲ ነው።»