ቁጥሩ ስለተቀየረ ዋሹን አትበሉ

ወገኖቼ፣ ይሄን ልማድ ብንተው ምን አለበት? የሆነ አገር መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሁለት ስክሪንሾት ጎን ለጎን እንለጥፋለን። «የመንቀጥቀጡን መጠን ጠዋት 7.9 አሉ፣ ማታ 9.0 አሉ፣ እየደበቁን ነው» እንላለን። ሺህ ሰው ሼር ያደርገዋል። እንዲህ የለመደ ሰው ነገ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ሲመጣም አያምንም።

እስቲ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። መንቀጥቀጥ የሚልከው አንድ ዓይነት ሞገድ አይደለም። በአንድ ሰከንድ ወዝውዞ የሚመለስ አለ። ለአንድ ዙር 20 ሰከንድ የሚፈጅ አለ። ደቂቃዎች የሚፈጅም አለ። ይህ የአንድ ዙር ጊዜ ፔሬድ ይባላል። የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪው ቻርልስ ሪክተር በ1935 እ.ኤ.አ. (ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) የመንቀጥቀጥን መጠን የሚለካበትን ስኬል ሲያወጣ የተጠቀመበት መሣሪያ የራሱ ፔሬድ 0.8 ሰከንድ ነበር። ስለዚህ የሚያየው ፈጣኑን ሞገድ ነው። በኋላ የመጣው የገጸ ምድር ሞገድ መለኪያ ደግሞ 20 ሰከንድ ገደማ ያለውን ያያል።

ችግሩ እዚህ ነው። የተሰነጠቀው አለት መቶዎች ኪሎ ሜትር ሲረዝም ተጨማሪው ጉልበት በአብዛኛው ወደ ዘገምተኛው ሞገድ ይሄዳል። በአጭር ፔሬድ የሚለካ ስኬል ያን አያይም፤ ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። የ20 ሰከንዱም ከ8 ብዙም ሳያልፍ ይቆማል። የ1960ው የቺሊ መንቀጥቀጥ በእሱ ሲለካ 8.5 ገደማ ነው። እነ ሂሮ ካናሞሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ ባመጡት ሞመንት ማግኒቲዩድ በተባለው መለኪያ ግን 9.5 ነው። አንድ ሙሉ ቁጥር ማለት 32 እጥፍ ገደማ ጉልበት ነው፤ ልዩነቱን አስቡት! ትላልቆቹን ሁሉ «በሪክተር ስኬል» እያላችሁ የምትዘግቡ ጋዜጠኞች፣ እባካችሁ ተዉት።

ሞመንት ማግኒቲዩድ ስንጥቁ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ፣ አለቱ ምን ያህል እንደተንሸራተተና ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ይቆጥራል። ለዚህ ዘገምተኛውን ሞገድ መጠበቅ የግድ ነው። ጃፓን በ2011 ትልቁ መንቀጥቀጥ ሲመታት በሦስት ደቂቃ ውስጥ 7.9 አለች። ከዚያ 8.4፣ 8.8፣ በመጨረሻ 9.0። ማንም አልደበቀም። የመጀመሪያው የሱናሚ ግምት ግን ከመጣው ማዕበል በጣም አነሰ። በችኮላ የወጣ ቁጥርን እንደ መጨረሻ ቃል መያዝ አደጋው ይሄ ነው።

ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት ቁጥሩ በየትኛው መለኪያ እንደተለካና መቼ እንደወጣ እዩ። በባሕር ዳርቻ የምትኖሩ ደግሞ ቁጥር አትጠብቁ። በ1896 የጃፓን ሳንሪኩ ዳርቻ ሲወዛወዝ ነዋሪው ቀላል መስሎት ችላ አለው። አብዛኛው ጉልበት በዘገምተኛው ሞገድ ውስጥ ነበርና ሰው ብዙ አልተሰማውም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሱናሚ መጣ። 22,000 ገደማ ሰው አለቀ። ቀስ ብሎ የሚወዘውዝና ቶሎ የማያቆም ከሆነ፣ ለዘብ ያለ ቢሆንም እንኳ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ከፍታ ውጡ።