ለ«እስካሁን ምን ሆነ?» ሊቃውንት ምስጋና

ሰሞኑን አንድ ስብሰባ ላይ የአደጋ ጊዜ መውጫው በሰንሰለት ታስሮ አየሁና ለምን ብዬ ጠየቅኩ። «እስካሁን ምን ተፈጠረ?» ተባልኩ። ከጎኔ የነበሩት ደግሞ «እባክህ አታሟርት» አሉኝ። መቼም ይህቺን መልስ ሳትሰሟት አልቀራችሁም።

እንዴት ያለ ሊቅነት ነው! ሌላው አደጋን ለመገመት በስሌት ይደክማል። የኛ ሰውዬ ግን ትናንት ካልተቃጠለ ነገም አይቃጠልም። አለቀ።

በሩን ላወድስ። ከላይ «መውጫ» የሚል አረንጓዴ መብራት ቦግ ብሏል። ከሥሩ ሰንሰለት። ከፊቱ የተደራረቡ ወንበሮች። ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ ነው፤ ጥበቃው ምሳ ወጥቷል። ትርፍ ቁልፍም አለ፤ ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል። የንብረት ክፍሉ ቁልፍ ኃላፊው ጋ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። የቱ ስብሰባ? ይኸው የኛው። ቁልፉን ግን ቤት ረስተውታል። እሳት ማጥፊያውስ? አለ እንጂ! ግድግዳውን እንዳያበላሽ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጧል። ስለዚህ እሳቱ አስቀድሞ በደብዳቤ ቢያሳውቅና ከምሳ ሰዓት ውጭ ቢመጣ ይመረጣል።

ይህ ጥበብ ጠፈርም ደርሷል። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር አደጋ ሲመረመር፣ መሐንዲሶቹ በአንድ በረራ መንኮራኩር በአደጋ የመጥፋት ዕድሉን ከ100 አንድ ገደማ ሲገምቱ አለቆቹ ከ100 ሺህ አንድ ይሉ እንደነበር ታወቀ። በየቀኑ ቢያመጥቁ በ270 ዓመት ገደማ አንዴ ማለት ነው! ቀደም ባሉ በረራዎች የሮኬቶቹን መጋጠሚያ የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች ተበልተው ተገኝተው ነበር። መንኮራኩሮቹ ግን በሰላም ተመልሰዋል፤ ታዲያ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1986፣ በመንኮራኩሮቹ ፕሮግራም 25ኛ በረራ፣ ቻሌንጀር በተነሳች በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች። 7 ሰዎች ሞቱ።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይቅር። እ.ኤ.አ. በ1911 ኒውዮርክ ውስጥ ትራያንግል የተባለው ልብስ ፋብሪካ ሲቃጠል 146 ሠራተኞች አለቁ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። አንዱ መውጫ ተቆልፎ ነበር። ለምን? ዕቃ እንዳይሰረቅ! ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ሰንሰለት ይዞ የሚዞር ሰው አለ፤ ስንጠይቀው ደግሞ ሟርተኞቹ እኛ ነን።

ወደ ምስጋናው ልመለስ። ሊቃችን ይበልጥ የሚደምቀው አደጋው ሲቀር ነው። የእ.ኤ.አ. 2000 መባቻ ዓመትን በሁለት አሃዝ ብቻ የሚጽፉ ኮምፒውተሮችን እንዳያሳስት ስንቱ ባለሙያ ለዓመታት ኮድ ሲያርም ከረመ። ሌሊቱ ከጥቃቅን ችግሮች በቀር በሰላም አለፈ። ሊቁ ምን አለ? «አላልኳችሁም? ያ ሁሉ ገንዘብ በከንቱ ፈሰሰ!» ባይታረም ኖሮ ደግሞ «ለምን አስቀድሞ አልተነገረንም?» ብሎ የአጣሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ይሆን ነበር።