«ፍሬሽ ነው» እያላችሁ አትሳቁ

ወገኖቼ፣ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ በወጣ ቁጥር ምን ይዛችሁ ኑ እንደሚል ታውቃላችሁ፤ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ የትምህርት ማስረጃ ከነኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ። እናት ይህንን ሁሉ አሟልታ፣ በሶም ቋጥራ፣ ፍሬሽ የሚባለውን አዲስ ገቢ ልጇን መናኸሪያ ድረስ ትሸኛለች። ግቢው በር ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ባነር ይጠብቀዋል። ሲኒየሮች ሻንጣውን ተሸክመው ዶርሙ ያደርሱታል። እስከዚህ ድረስ ማን ብሎን! እኔን የሚያናድደኝ ባነሩ ከወረደ በኋላ ያለው ነው።

ይህ ልጅ እንዲሁ ዘው ብሎ አልገባም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ቢሰፋም ወንፊቱ አሁንም ጠባብ ነው። በዚያ ወንፊት ያለፈን ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር በኀፍረት እናጣዋለን። ኀፍረት ነው ያልኩት፤ ስንፍና አላልኩም።

ሲኒየሮች፣ ላይብረሪ የጠየቃችሁን ልጅ ወደ ካፌ እየላካችሁ የምትስቁት እናንተ ናችሁ። አነጋገሩን ትደግሙበታላችሁ። ቋንቋው ከቋንቋችሁ ካልገጠመ፣ ሰላምታም ትነፍጉታላችሁ። ትናንት እናንተም የሎጂክ ኮርስ ምን እንደሆነ ግራ ገብቷችሁ ነበር እኮ!

እኔም ከዚሁ ወገን ነበርኩ። ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ዶርማችን የደረሰው ፍሬሽ፣ ምሳ ሰዓት ሲሆን ደብተሩን ይዞ ውልቅ ይላል። እኛ «ይሄ ሰቃይ፣ ምግብም አያስፈልገው» እያልን እንቀልዳለን። በአምስተኛው ቀን አልጋው ሥር በሶ የተበጠበጠበት ኩባያ አየሁ፤ ከታች ደርቆ ተጣብቋል። ለካ የካፌ መግቢያው ሚል ካርዱ ጠፍቶበታል። «ምነው ሳትነግረን?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ፍሬሽ ነው ብላችሁ እንዳትስቁብኝ» አለኝ። አብሬው ሄጄ ምትክ ካርድ ለማውጣት ግማሽ ቀን አልፈጀብንም።

ካርድ ጠፋኝ ማለት ያሳፈረው ልጅ፣ ትምህርቱ አልገባኝም ሊል ነው? እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ የመጣ ስንት አለ! መምህራን፣ «ጥያቄ አለ?» ስትሉ ክፍሉ ጸጥ ካለ ገብቷቸዋል ብላችሁ ሃንድአውት በቴሌግራም ለቃችሁ አትሂዱ። የቢሮ ሰዓት በር ላይ ለጥፋችሁ ደግሞ በሩን አትቆልፉት።

ወላጆችም አታመልጡኝም። ደውላችሁ የምትጠይቁት ውጤት ብቻ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ስንት እንዳመጣም ሳትነግሩት አትዘጉም። ልጁ «ደህና ነው» ይላል። ሌላ ምን ይበል? ከዚያ ከነአንሶላው መናኸሪያ ሲወርድ ትደነግጣላችሁ።

እናም ሲኒየሮች፣ ዘንድሮ ባነሩን ሰቅላችሁ ስታበቁ ለአንድ ዶርም አንድ ሰው መድቡ። ከሚድ ፈተና በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሚድ በኋላ አንድ ጊዜ በር ያንኳኳ። ሁለተኛው እንዳይቀር፤ ልጁ የተለጠፈው የውጤት ወረቀት ላይ አይዲውን ፈልጎ አይቶ፣ ተመልሶ ተከናንቦ የሚተኛው ያን ዕለት ነው። ቀስቅሱት። ምሳ መብላቱንም ጠይቁት።